ባለ ሁለት ትራስ የድንጋይ አልጋ

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ተጠራሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ስብሰባ ሲጠራ እንዴት ደስ እንደሚለው የሚያውቀው ጡረታ የወጣ ሰው ብቻ ነው። ካልሲዎቼ እንኳ ጥንድ መሆናቸውን ሁለቴ አረጋግጬ ነው ከቤት የወጣሁት። ርእሱ ከመድረኩ በላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ «አርክቴክቶችና የሪል እስቴት አልሚዎች ተቀናጅተው የሚሠሩበት መንገድ» ይላል። ሲነጋገሩ ዋሉ። አልሚው «አርክቴክቱ የሚያመጣልን ሥዕል ነው» ይላል። አርክቴክቱ «አልሚው ሥዕሌን አበላሸብኝ» ይላል። ወደ ማብቂያው ላይ መድረክ መሪዋ ወደ እኔ ዞረችና «አንጋፋው ባለሙያችንስ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ተነሥቼ ማይኩን ያዝኩ። ብዙ ነገር ላወራ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን «እኔ የድንጋይ አልጋ አሠርቻለሁ» የሚል ብቻ ሆነ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። «ከነትራሱ» ብዬ ጨመርኩና ተቀመጥኩ። መድረክ መሪዋ ከልቧ አመሰገነችኝ፤ ወዲያው ወደ ሻይ ዕረፍት ተገባ።

እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው። እናንተን የሚያስቸኩል ብስኩት የለም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ በአርክቴክትነት ወጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት ፕላን እነድፋለሁ። ያን ጊዜ አርክቴክት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ ሰፈሩ በሙሉ «ኢንጂነር» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «ኢንጂነር ቤቱ እንዳይወድቅ ያደርጋል፤ አርክቴክት ደግሞ ቤቱ ለኑሮ እንዲመች፣ እንዲያምር ያደርጋል» ብላቸው፣ «ታዲያ ያንተ ይወድቃል ማለት ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ኢንጂነር ሆኜ ቀረሁ።

የምኖረው ጉለሌ ሽሮ ሜዳ፣ ጋሽ አንጁሎ የሚባሉ ሸማኔ ቤት ተጠግቼ ነው። ጋሽ አንጁሎ ከጋሞ በጉብዝናቸው ወራት መጥተው እዚያው የሸበቱ ሰው ናቸው። ቤታቸው የቀበሌ ነው፤ አንዱን ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ግማሹ ላይ እሳቸው ይሠራሉ። ሸማኔ ሲሠራ ላላየ ሰው ልንገረው፤ መሬቱ ይቆፈራል፣ ሸማኔው አፋፉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። እኔ ከእንቅልፌ የምነሣው በዚያ ድምፅ ነበር። ያኔ እራሴን በትራስ ሸፍኜ «ምነው ዛሬ እንኳ ቢያርፉ!» እል ነበር። ዛሬ ያን ድምፅ የሚያሰማኝ ባገኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጋሽ አንጁሎ አንድ ችግር ነበረባቸው። ክረምት በገባ ቁጥር ጉድጓዱ ውኃ ያቁራል። እግራቸውን እርጥበት ውስጥ ነክረው ስለሚውሉ ጉልበታቸው ተያዘ። ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደው ሐኪሙ «ወይ ጉድጓዱን ያድርቁት፣ ወይ ሥራውን ይተዉት» አላቸው። ጉድጓዱ እንዳይደርቅ ቤቱ ያለው ረግረግ ላይ ነው። ሥራውን እንዳይተዉት ሌላ ሥራ አያውቁም። ስለዚህ ጋሽ አንጁሎ በዓለም ላይ የሚፈልጉት አንድ ደረቅ ጉድጓድ ነበር።

የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን የተቋቋመው ይኼኔ ነው። አሥራ ሁለት አባል ነበርን፤ ጋሽ አንጁሎም አሉ፣ እኔም አለሁ። ከቁስቋም ማርያም ወረድ ብሎ ተዳፋት ላይ ቦታ ተሰጠን። እሁድ እሁድ ረፋዱ ላይ አሥራ ሁለታችንም ከነቤተሰባችን እየሄድን ቦታውን እናየው ነበር። የሚታይ ነገር የለውም፤ ሣርና የድንበር ችካል ነው። እኛ ግን እናየዋለን። ልጆቹ በሌለ በር እየገቡ ይጫወታሉ፤ በሌላ በኩል የገባውን «በግድግዳ ገባህ!» ብለው ይመልሱታል። የጋሽ አንጁሎ ባለቤት እትዬ አየለች መጥረጊያ ይዘው ይመጡ ነበር። «ምን ይጠርጋሉ እትዬ አየለች? ሜዳ እኮ ነው» ብላቸው፣ ቀና ሳይሉ «ሳሎኑን» አሉኝ።

እኔም አልቀርም። ሣሩ ላይ ቆሜ ሁለት እጄን እንደ መስኮት አድርጌ እንጦጦን አይበታለሁ። ገና ከወዲሁ መስኮቴ የት እንደሚሆን፣ ከሥሩ ማን እንደምትቀመጥ ሁሉ አውቅ ነበር። ቤት የነበረው ሰው ቀድሞኝ አገባት። አልፈርድባትም፤ በእጅ የተሠራ መስኮት ሥር ማን ይቀመጣል!

ፕላኑን እንድሠራ የተመረጥኩት በአንድ ድምፅ ነው። ጋሽ አንጁሎ ያን ዕለት ቤት ስንገባ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ከመሳልህ በፊት ና አንዴ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ በል» አሉኝ።

«ነገ ጋሽ አንጁሎ።»

«አንዴ ብቻ። ቁጭ ብለህ እየው።»

«ነገ፣ በእግዜር!»

ከእኔና ከጉድጓዱ መካከል ያለው አንድ ኮምፔርሳቶ ነው። ያን ኮምፔርሳቶ ለመዞር ስምንት ወር «ነገ» አልኩ። የተማረ ሰው ሥራ ይበዛበታል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህራችን «ሕይወት የሌለበት ፕላን አታምጡልኝ» ይሉን ስለነበር፣ እኔ ፕላኔ ላይ ሕይወት ጨመርኩበት። መኝታ ቤቱ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ባለ ሁለት ትራስ አልጋ ሳልኩ። ሳሎኑን በሶፋ ዙሪያውን አለበስኩት። መካከሉ ላይ ክብ ጠረጴዛ ከአራት ዱካ ጋር አስቀመጥኩ። ግቢው ላይ ሦስት ዛፍ ሳልኩ፤ እኛ ዛፍን ከላይ ስናየው ክብ አድርገን መሐሉን በመስቀለኛ መስመር እንቆርጠዋለን። የፊት ለፊቱ ሥዕል ላይ ደግሞ ባርኔጣ ያደረገ፣ ግራ እጁን ኪሱ የከተተ ሰው በሩ አጠገብ አቆምኩ። የቤቱን ቁመት ከሰው ቁመት ለማመሳከር ነው እንጂ ሰውዬውን አላውቀውም።

በዚህ ላይ አንድ ቂም ነበረብኝ። ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ማኅበር ፕላኔን ተቀብሎ በሩን በሌላ በኩል አድርጎብኝ ነበር። ይኼኛውንስ ማንም አይነካውም አልኩና ከግርጌው በቀይ ቀለም እንዲህ ስል ጻፍኩ፤ «በዚህ ፕላን ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ይሠራ። የሌለ አንዳች ነገር አይሠራ።» መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ እንዲህ የሚቆጣው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቴ ማኅተም መታበት።

ፕላኑን ሳሳያቸው ጋሽ አንጁሎ በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ቤቱን ዞሩት። ዞረው ዞረው በሩ ላይ ወጡ።

«ጉድጓዴስ?» አሉኝ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ይኼ ዘመናዊ ቤት ነው። ሽመናው በሸማኔዎች አዳራሽ ይሆናል ተብሏል።»

«አዳራሹ የታለ?»

«ፕላኑ ሲወጣ ይሠራል።»

«ፕላኑን የሚያወጣው ማነው?»

የማወጣው እኔ ነበርኩ።

ዕጣ ሲጣል የመጀመሪያው ቤት ለጋሽ አንጁሎ ወጣ። የእሳቸው ቤት ተሠርቶ ከተፈተሸ በኋላ ነው ለቀሪዎቹ ሲሚንቶ የሚፈቀደው። ሥራው ሊጀመር ሲል እኔ ለሰፈራ ጣቢያ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ተላክሁ። ሦስት ወር ቆየሁ። ስመለስ ቤት እንኳ ሳልገባ ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ ቁስቋም ወጣሁ።

ቤቱ ቆሟል! አለቀስኩ ብላችሁ ማጋነን አይሆንብኝም። ሮጬ ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ዙሪያውን የድንጋይ ሶፋ ተገንብቷል፤ ከነመደገፊያው። መካከሉ ላይ ባለ አንድ እግር ክብ የድንጋይ ጠረጴዛ አለ፤ አራት የድንጋይ ዱካ ከቦታል። መኝታ ቤት ገባሁ። መስኮቱ ሥር የድንጋይ አልጋ ተገንብቶ፣ ሊሾ ተደርጎ፣ ራስጌው ላይ ሁለት የድንጋይ ትራስ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ትራሶቹ መካከላቸው ጎድጎድ ብሏል፤ ራስ እንዲያስገቡ ነው።

ቤቱን የሠሩት ካፖ ወርቁ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ከጣሊያኖቹ ጋር ግንበኝነት የጀመሩ፣ ከዚያ ወዲህ ስማቸው ካፖ፣ አለቃ ማለት ነው፣ ሆኖ የቀረ ሽማግሌ ናቸው።

«ካፖ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አልጋ።»

«አልጋ መሆኑንማ አየሁት!»

«እኛም አይተነዋል።»

«ታዲያ አልጋ በድንጋይ ይገነባል?»

«ኢንጂነር» አሉ ካፖ፣ በጣም ታግሠው፣ «እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። አልጋ አይጠፋኝም። ያለው ሁሉ ይሠራ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ሦስት ስብሰባ ተቀምጠንበታል።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሰይድ ቃለ ጉባኤውን በብብታቸው ይዘው ደረሱ። ወሎዬ ናቸው፤ ሽሮ ሜዳ ሱቅ አላቸው።

«ለምን አልጻፋችሁልኝም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ጻፍን እንጂ ወንድሜ! ለመሥሪያ ቤትህ ጻፍን። መልሱ ይኸው፤ ‹በፕላኑ መሠረት ይፈጸም› ይላል። ማኅተም አለበት። ነገ አንዱ ተነሥቶ ‹አልጋውን ያስቀረው ማነው? አሻጥር ነው› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ወላሂ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

ልሥቅ ብዬ ተውኩት። በዚያች ቃል የሄደና ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለመተንፈስ ያህል ወደ ግቢው ወጣሁ። ወገብ የሚደርስ ሦስት ክብ ግንብ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ውስጡ በመስቀለኛ ግድግዳ ለአራት ተከፍሏል።

«እነዚህስ?»

ካፖ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። «እነሱን እንኳ አላወቅናቸውም። ግን ልክ ናቸው፤ ለካቸው።»

ለካኋቸው። ልክ ናቸው። በሥራ ዘመኔ እንደነዚያ ዛፎች ከፕላኔ ሳይዛነፍ የተሠራ ነገር አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው መጣ። ፕላኑን ዘርግቶ፣ እርሳሱን ይዞ እያንዳንዷን መስመር እያየ ምልክት ያደርጋል። ሶፋ፣ አለ። ጠረጴዛ፣ አለ። አልጋ፣ አለ፤ ትራሶቹን ቆጠረ። ሦስቱን ክቦች ዞራቸው፤ ምንነታቸውን ቢጠይቅ አላዋቂ እንዳይባል ነው መሰለኝ ሳይጠይቅ ምልክት አደረገ። በመጨረሻ የፊት ለፊቱን ሥዕል ገለጠና ቆመ። ባርኔጣ ያደረገውን ሰው አየ። ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ጋሽ አንጁሎ የአቶ ሰይድን ባርኔጣ አድርገው፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ለካ ይኼም በስብሰባ ተወስኗል።

ተቆጣጣሪው ሥዕሉን አየ፤ ጋሽ አንጁሎን አየ። ምልክት አደረገ። «እንደዚህ የተሟላ ሥራ አይቼ አላውቅም» አለና ማኅተሙን መታው። «የቀሩት አሥራ አንድ ቤቶችም ልክ እንደዚህ ይሠሩ።» አፌን ልከፍት ስል አቶ ሰይድ እግሬን ረገጡኝ። ሲሚንቶው ይቀራል ማለታቸው ነው። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ሁሉም ተቃቅፎ ይሥቃል። ጋሽ አንጁሎ ብቻ እንደቆሙ ናቸው።

«ልንቀሳቀስ ወይ?» አሉኝ።

«ይንቀሳቀሱ እንጂ ጋሽ አንጁሎ!»

ባርኔጣውን አውልቀው ጉልበታቸውን እያሹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ሁሉም አለ» አሉ። «የማናውቀው ሰውዬ እንኳ አለ። የኔ ጉድጓድ ብቻ ነው የሌለው።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በራሴ ዛፎች መካከል ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ቤት ስንገባ ኮምፔርሳቶውን ዞርኩ። ጫማዬን አውልቄ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ሰደድኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘው። እሳቸው ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ውስጥ ነበሩ። ቀና ስል ሌላ ነገር አየሁ። ከዚያ ላይ ሲያዩት ዓለም ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ጉልበት ነው፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ መስኮት ብዬ የምስለው ነገር ሁሉ ሰማይ ላይ ተሰቅሏል። እጄ ያለበት ቦታ ብርሃን የለም። አርክቴክት ከሆንኩ ወዲህ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰው መኖሩን ረስቼ ነበር፤ እናቴ እኮ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው ያሳደገችኝ።

በማግስቱ ካፖንና ጋሽ አንጁሎን ይዤ ቤቱ ሄድን። «አልጋውን እናፍርሰው» አልኩ።

ካፖ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማኅተም ተመቶበታል። መስመሩ ከቦታው መጥፋት የለበትም።» ከዚያ ፕላኑን ተቀበሉኝና ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «መስመሩ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልጻፍክም።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ፕላኑ ላይ አልጋው ከትራሶቹ በቀር ውስጡ ባዶ ነው። ጋሽ አንጁሎ ቀስ ብለው ሄደው የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ሊሾውን በተረከዛቸው መታ መታ አደረጉት። «ከፍታው ደግ ነው» አሉ።

ካፖ መዶሻቸውን አነሡ። የላዩን ሊሾ ሰብረው ሙሌቱን ድንጋይ አወጡ፤ ሥሩ አፈር ነበር፤ አንድ ክንድ ያህል ቆፈርን። ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብለው ከአፈሩ ዘገኑና በመዳፋቸው አሹት። «ደረቅ ነው» አሉ። ደግመው ዘገኑ።

የቀረው መስኮቱ ነው። ጋሽ አንጁሎ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ካፖ የመስኮቱን ደፍ ከውጭ እያፈረሱ፣ እኔ ሜትር ይዤ።

«ዝቅ» ይላሉ ጋሽ አንጁሎ። ካፖ አንድ ድንጋይ ያወርዳሉ። «ዝቅ።» ሌላ ድንጋይ። «ትንሽ ዝቅ...» ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወረደ፣ ትከሻቸው ላይ ወረደ፣ እጃቸው ላይ መጣ። እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ መስኮቱ ውስጥ ገባ። «ይበቃል» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ሦስታችንም አየን። ያ እሁድ እሁድ በእጄ ስሠራው የነበረው መስኮት ነው፤ እኔ የሳልኩት ግን አይደለም። እንዲያ ተደንቄ ቆሜ ሜትሩን ማንበብ ረሳሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ቀዩን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ስሕተቱም የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። አቶ ሰይድ በቃለ ጉባኤው ላይ «በቀሪዎቹ ቤቶች አልጋው እንደተሠራ ይቆጠር» ብለው አስጻፉ። በዚያ አገባብ ስድስት ቤት ተሠራ። ካፖ ከእያንዳንዱ ባለቤት ጋር እየተቀመጡ «የት ትቀመጣለህ? የት ትሠሪያለሽ?» እያሉ ይጠይቁ፣ እኔ እስል ነበር። እንደዚያ ጊዜ ሠርቼ አላውቅም። ከዚያ ሲሚንቶ ጠፋ። ዘመኑም ተለወጠ። የእኔ ዕጣ አሥራ ሁለተኛ ነበር፤ ቦታዬ ሣር እንደሆነ ቀረ። እትዬ አየለች አንዳንድ እሁድ ይጠርጉልኝ ነበር።

ጋሽ አንጁሎ የድንጋይ ትራሶቹን ተደግፈው፣ በደረቅ እግር፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚያ ሠሩ። እትዬ አየለችም ተከተሏቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ፎቅ ሊሠራበት ነው። ሄድኩ። ፍርስራሹ መካከል አንዷን ትራስ አገኘኋት።

«አባባ፣ ድንጋይ ሞልቷል፤ ይኼን ምን ያደርጉታል?» አለኝ ጥበቃው።

«ትራስ ነው» አልኩት።

አየኝ፣ ድንጋዩን አየና ተሸክሞ ታክሲ ላይ ጫነልኝ።

የሰሞኑ ስብሰባ ቀን ቤቴ ገባሁ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ማን እንደነደፈው አላውቅም፣ እሱም እኔን አያውቀኝም። ትራሷን ከግድግዳው አስጠግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ተደገፍኳት። ከዚያ ሲታይ በመስኮቴ የሚገባው ሰማይ ብቻ ነው። ያቺ የጋሽ አንጁሎ መስኮት በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ ትክክለኛዋ ነበረች፤ በየትኛውም ፕላን ላይ የለችም። ከፍታዋ ስንት እንደነበር ላስታውስ ሜትሬን አወጣሁና ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት።

ዝቅ አደረግሁት። ትንሽ ዝቅ። ደግሞ ዝቅ።

«ይበቃል» የሚለኝ ሰው የለም።